እንከን የማይገኝባት መኪና

ሰው ሐኪም ያደንቃል፣ መሐንዲስ ያደንቃል። እኔ የማደንቀው የጭነት መኪና ባለንብረትን ነው።

የዕለት ፍተሻ ቅጹን እዩልኝ። ፍሬን፦ ደህና። ጎማ፦ ደህና። መብራት፦ ደህና። የወሩ ገጽ በሙሉ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ቁጭታ ተሞልቶ አልቋል። ሸራው ያለቀው ፍሬንም፣ ሊሾ የሆነው ጎማም እዚያ ላይ ደህና ናቸው። መኪናዋ ጋራዥ ገብታ ሞተሯ ወርዶ በዋለበት ቀን እንኳ ሞተሯ ተፈትሾ ጤነኛ ሆኖ ተገኝቷል። እንዲህ ያለ እምነት ገዳም ውስጥም አይገኝ!

ስለ ዕረፍትማ ምኑ ይነገራል። የአውሮፓ ኅብረት ሹፌር 4 ሰዓት ተኩል ከነዳ በኋላ 45 ደቂቃ እንዲያርፍ ያስገድዳል። ምን ያሞላቅቃቸዋል? ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡት ጥናት 17 ሰዓት ነቅቶ የቆየ ሰው የእጅና የዐይን ቅንጅቱ ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እኩል ሆኖ ተገኝቷል። ባለንብረታችን ይህን የሚያየው በሌላ ዐይን ነው። ሹፌሩ የመጠጥ ወጪ ቀረለት!

ታኮግራፉ፣ ያ የመኪናዋን ፍጥነትና የሹፌሩን የመንዳትና የዕረፍት ሰዓት የሚመዘግበው መሣሪያ፣ እውነቱን ልናገር ካለ ደግሞ ማግኔት አለ። ማርሽ ሳጥኑ ላይ ካለው ሴንሰር አጠገብ ትለጠፋለች፤ መኪናዋ እየበረረች መዝገቡ ላይ ቆማለች። ትርፍ ጭነቱንም በክፉ አትዩት። መሐንዲሶች በቆየ ስሌታቸው የአክስል (ጎማዎቹን የሚያገናኘው ዘንግ) ጭነት በ20 በመቶ ሲያልፍ በመንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት እጥፍ ገደማ ይሆናል ይላሉ። ይሁና! መንገድ ሠሪውስ ሥራ ይፍታ?

ጥበቡ ፍክት ብሎ የሚታየው ግን ክስ ሲመጣ ነው። «እኔ ምን አውቄ? ሹፌሩ ነው!» ሌሊት «የት ደረስክ? ሳይነጋ ማራገፍ አለብህ» የሚለው መልእክት የወጣው ከባለንብረቱ ስልክ ነው። ምን ይደረግ፣ ስልኩ በራሱ ይጽፋል። አውስትራሊያ ይህን ጥበብ አታከብርም። እዚያ ጫኙም፣ የማይቻል ሰዓት የቆረጠው ደንበኛም ተጠያቂ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ደግሞ የድርጅቱ ኃላፊዎች ራሳቸው ተገቢውን ጥንቃቄ ማድረግ አለባቸው።

በብዙ አገር ባለንብረቱ የሚቻለውን ጥንቃቄ ሁሉ ማድረጉን ካስረዳ መከላከያ ይሆነዋል። ታዲያ ጠበቃው የሚለምነው የቆሸሸ ወረቀት ነው። ብልሽት የተመዘገበበት፣ መኪና የቆመበት፣ የጥገና ደረሰኝ፣ ሰዓት የጣሰ ሹፌር የተገሠጸበት ደብዳቤ። የኛ ሰው ፋይል ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ነውር የለም። ሁሉም ደህና ነው።

ዐቃቤ ሕጉ ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን ያስቀምጣል። በጉዞ መዝገቡ ሹፌሩ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ተኝቷል። በነዳጅ ደረሰኙ በዚያው ሰዓት ሌላ ከተማ ነዳጅ ቀድቷል።

«በእንቅልፍ ልቡ ቀድቶ ይሆናላ!» ይላል ባለንብረቱ።

ጠበቃው ወደ ጆሮው ጠጋ ይላል። «ጥፋተኛ ነኝ ብንልስ?»

«ሹፌሩ ይበል እንጂ!»