ለኤች አይ ቪ የሠራነውን ለደም ግፊት ለምን ነፈግነው?

አክስቴ ሐዋሳ ቤቷ ውስጥ የጠዋት ቡና እየቀዳች ሳለ ሲኒው ከቀኝ እጇ ወደቀ። ላንሣው ስትል ጣቶቿ አልታዘዝ አሉ፤ አፏም ወደ አንድ ጎን ተጣመመ። ጎረቤት ተሯሩጦ መጣ። «ምች ነው» ተባለ። ዳማከሴ ታሽቶ ፊቷን ተቀባች፣ ጭማቂውንም ጠጣች። ባጃጅ ተጠርቶ ሐኪም ቤት የደረሰችው ከሰዓት በኋላ ነው። ስትሮክ ነበር፤ ዋነኛ መንስኤው ከፍተኛ የደም ግፊት የሆነ የአንጎል ጉዳት። ጎረቤቶቿን አልወቅስም፤ የሚያውቁትን ይዘው ፈጥነው የደረሱላት እነሱ ናቸው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ከዚያ በፊት የነበሩት ወራት ናቸው። አክስቴ ግፊት እንዳለባት ታውቅ ነበር። ጤና ጣቢያ ተለክታ መድኃኒት ታዞላታል። የመጀመሪያውን ወር በሥርዓት ዋጠች። በሁለተኛው ወር «አልቋል፣ ከውጭ ግዙ» ተባለችና ገዛች። በሦስተኛው ወር ግን ራሷን አያማት፣ አያዞራት፤ «ተሽሎኛል እኮ» ብላ ተወችው። መቅረቷን አስተውሎ፣ ስልክ ደውሎ «እማማ፣ ምነው ቀሩ?» ያላት አንድም ሰው አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በዓለም ባንክ ድጋፍ የተጀመረው የዓለም የበሽታ ጫና ጥናት ሟቾችን ብቻ አይቆጥርም። በሕይወት ያለ ሰው በሕመምና በአካል ጉዳት ያጣቸውን ጤናማ ዓመታትም ይደምራል። የአክስቴ ቀኝ እጅ በዚህ ሒሳብ ውስጥ ቦታ አለው ማለት ነው። ጥናቱ ለ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ስሌት ለሞት ከሚያጋልጡ ምክንያቶች ሁሉ ቀዳሚው ከፍተኛ የደም ግፊት ነበር፤ 10.8 ሚሊዮን ሞት ከእርሱ ጋር ተያይዟል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት ደግሞ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 79 ከሆኑ ሰዎች 1.3 ቢሊዮን ያህሉ ግፊት አለባቸው። ግማሽ ለሚሆኑት ሕመሙ እንዳለባቸው እንኳ የነገራቸው የለም። በቁጥጥር ሥር ያዋሉት ከአምስቱ አንዱ ገደማ ናቸው።

ይህን ሳነብ ትዝ የሚለኝ ኤች አይ ቪ ነው። ያንን ዘመን ያየን ሰዎች ዕድሜ ልክ የሚወሰድ መድኃኒት በእኛ አገር አይሆንም ሲባል ሰምተናል። እ.ኤ.አ. በ2005 መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ጀመረ። ታካሚው ተመዘገበ፣ ምክር አገኘ፣ ሲቀር ተፈለገ። እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ደግሞ ጤናው የተረጋጋ ታካሚ የስድስት ወር መድኃኒቱን በአንድ ጊዜ ይዞ እንዲሄድ ተፈቀደ። ይህን ያደረጉት የእኛው ነርሶችና የእኛው ጤና ጣቢያዎች ናቸው። ታዲያ አንዲት የግፊት ታካሚ በየወሩ የምትመላለሰው ስለ ምንድን ነው?

ለኤች አይ ቪ የውጭ ገንዘብ ነበር፣ ለግፊት የለም የሚል መልስ ይሰጠኛል። እውነት ነው፤ የአሜሪካው ፔፕፋርና ግሎባል ፈንድ ያፈሰሱትን ያህል ለግፊት ያፈሰሰ የለም። ነገር ግን እንደ አምሎዲፒን ያሉት የግፊት ክኒኖች የባለቤትነት መብታቸው ካበቃ ቆይቷል፤ ከርካሾቹ መድኃኒቶችም መካከል ናቸው። መዝገብ ከፍቶ የቀረውን ሰው ስም ማየትና ስልክ መደወል ደግሞ የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም። የጤና መድን መዋጮ የሚከፍል ሰው የግፊት መድኃኒት «አልቋል» ሲባል ግን እኔ ይህንን የበጀት ችግር ብቻ ብዬ ልቀበለው አልችልም። የታካሚው ቁጥር በመዝገብ ካለ በየወሩ ስንት ክኒን እንደሚያስፈልግ አስቀድሞ ይታወቃልና።

ልኬቱም ሰው ወዳለበት ይሂድ። የሐዋሳ ባጃጅ ነጂ፣ የአሞራ ገደል ዓሣ አስጋሪ፣ የመናኸሪያ ጫኝና አውራጅ ምኑም ሳያመው ጤና ጣቢያ ተሰልፎ አይውልም። ዕድሩ ግን በየወሩ ይሰበሰባል። ድንኳን፣ ወንበርና ብረት ድስት የገዛ ዕድር አንድ የግፊት መለኪያ መግዛት አያቅተውም፤ የቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በስብሰባው ቀን መጥታ ብትለካ የአባሉ ግፊት በአንድ ጠዋት ይታወቃል። ስለ ጨውም እዚያው ታውራ። በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች ነው የሚመከረው፤ እኛ ዘንድ ቡናውም በጨው የሚጠጣበት ቤት አለ።

አክስቴ አሁን ሲኒ የምታነሣው በግራ እጇ ነው። የሚሰጣት መድኃኒት ዛሬም የአንድ ወር ነው። በየቀጠሮዋ ከሥራው የሚቀር፣ ባጃጅ ላይ ደግፎ የሚያወጣትና የሚያወርዳት አንድ ሰው ያስፈልጋታል።