ሱልጣናን ያፈነዳት ሥልጣኔ አይደለም

ሰሞኑን አንድ የሬዲዮ እንግዳ «ቁጥጥር ፈጠራን ይገድላል» ብሎ ሲሟገት የድሮዎቹን የእንፋሎት መርከቦች ምሳሌ አደረገ። ቦይለሮቻቸው፣ ማለትም ውኃ አፍልተው እንፋሎት የሚያመነጩት የብረት ጋኖች፣ የፈነዱት ሳይንሱ ገና ስላልታወቀ ነው አለ። «የሥልጣኔ ዋጋ ነው፤ ማንም አያውቅም ነበር።» አዘጋጁ ዝም ብሎ አሳለፈው። እኔ ማሳለፍ አቃተኝ።

ማንም አያውቅም ነበር? እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ የአሜሪካ መንግሥት ለፊላደልፊያው ፍራንክሊን ኢንስቲትዩት ገንዘብ ሰጥቶ ቦይለር ለምን እንደሚፈነዳ አስጠንቷል። ጥናቱ እንኳ ይቅር። ሌላ መርከብ ለመቅደም ሲሉ የማስተንፈሻው ቫልቭ ላይ ክብደት የሚጭኑ ነበሩ። ቫልቭ ላይ ክብደት የሚጭን ሰው እኮ ቫልቩ ለምን እንደተሠራ አሳምሮ ያውቃል!

ሱልጣና የተባለችውን የአሜሪካ የእንፋሎት መርከብ እንይ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1865፣ የሚሲሲፒ ወንዝ ወደብ ቪክስበርግ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ተማርከው ከደቡብ እስር ቤቶች የተለቀቁ የሰሜን ወታደሮች አገራቸው ለመግባት መርከብ ይጠብቃሉ። መንግሥት ለአጓጓዡ በተራ ወታደር 5፣ በመኮንን 10 ዶላር ይከፍላል። ከሱልጣና አራት ቦይለሮች አንዱ ያፈስሳል፤ ብረቱም አብጧል። መካኒኩ አይቶ «በደንብ መጠገን አለበት» አለ። ካፒቴን ሜሰን ግን ቀናት የሚፈጅ ጥገና አልፈለገም። እስኪጠገን ድረስ ወታደሮቹን ሌላ መርከብ ይወስዳቸዋላ! ስለዚህ ያበጠው ቦታ በቁራጭ ብረት ተጣፈ። ያውም ከዋናው ብረት በሳሳ።

ፈቃዷ 376 ሰው ነው። የተጫነው ከ2,000 በላይ። ወለሉ ጎብጦ በእንጨት ተደገፈ። ልብ በሉ፣ ሌሎች መርከቦች እዚያው ወደብ ላይ ነበሩ። ሚያዝያ 27 ሌሊት፣ ከሜምፊስ ትንሽ እንዳለፈች፣ ሦስቱ ቦይለሮች ፈነዱ። ከ1,100 በላይ ሰው አለቀ። እስር ቤት በረሃብ ያከሳቸው ልጆች በሞላና በቀዘቀዘ ሚሲሲፒ ውስጥ ሰጠሙ። ብዙዎቹ ተቃጥለው ሞቱ።

ያፈነዳት የተጣፈው ቁራጭ ብረት ብቻ ነው አልልም። በቦይለሮቹ ውስጥ የነበረው ውኃ ማነስ፣ የመርከቧ ማዘንበል፣ ሁሉም ይነሳል። ግን ከእነዚህ ውስጥ የትኛው ነው ያልታወቀ? ውኃ ሲያንስ ብረት እንደሚግል የማያውቅ የቦይለር ሠራተኛ ነበር?

«የእንፋሎት መርከቦችን ደኅንነት የሚቆጣጠረው የ1852ቱ ሕግ እያለ አይደል እንዴ የፈነዳችው?» ይሉኛል። አዎ፣ ሕጉ ነበረ። ተቆጣጣሪም ከመፈንዳቷ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ አይቷት አሳልፏታል። ታዲያ ይህ የሚያሳየው ቁጥጥሩ መላላቱን እንጂ መብዛቱን አይደለም። አንድ መኮንን ተፈረደበት፤ ፍርዱ በበላዮቹ ተሻረ። ሌላ ማንም አልተቀጣም። ካፒቴኑ እዚያው ሞቷል።

አዘጋጁ በሚቀጥለው ዝግጅቱ ያቺን «ማንም አያውቅም ነበር» ያርምልን።