ኬንያ ሄዳችሁ ለማገልገል ላሰባችሁ፦ ስለ ጡጦው ክፍል

በኬንያ የሕፃናት ማሳደጊያ ስለሚያገለግሉ በጎ ፈቃደኞች ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ ጨዋታውንና መዝሙሩን አጉልቶ የጡጦውን ክፍል፣ ማለትም የሕፃናቱ ወተት የሚዘጋጅበትን፣ በአንድ መስመር አልፎታል። ዋናው ሥራ ግን እዚያ ነው።

የዱቄት ወተት ከጀርም የጸዳ አይደለም። ስለዚህ ውሃው ከፈላ በኋላ ከ30 ደቂቃ በላይ ሳይቆይ፣ ሙቀቱም ከ70 ዲግሪ ሳይወርድ ነው የሚበጠበጠው። መጀመሪያ ውሃው ተለክቶ ይገባል፣ ዱቄቱ ይከተላል። ማንኪያው አፉ ላይ በቢላ ጀርባ ይስተካከላል እንጂ ዱቄቱ አይጠቀጠቅም። ከዚያ ጡጦውን በቧንቧ ውሃ ማብረድ፣ የእጅ አንጓ ላይ ጠብ አድርጎ መሞከር። ከተበጠበጠ 2 ሰዓት ያለፈው ይደፋል፤ የተረፈውን ለሌላ ልጅ መስጠትማ ጨርሶ አይታሰብም።

ብዙ ጊዜ ነገር የሚበላሸው በማንኪያው ነው። በእርዳታ የሚመጡት ጣሳዎች ዓይነታቸው ይለያያል፤ የአንዱ ማንኪያ ለ30 ሚሊ ሊትር ውሃ ከሆነ የሌላው ለ60 ሊሆን ይችላል። ማንኪያ ከተቀያየረ ወተቱ ወይ ይቀጥንና ልጁ ኪሎ አይጨምርም፣ ወይ ይወፍርና የሆድ ድርቀት ያመጣበታል። ማንኪያው ከራሱ ጣሳ አይውጣ፣ በቃ።

ሕፃኑን አቅፋ የምታጠባው ቋሚዋ ሞግዚት ትሁን። ለሁለት ሳምንት የመጣ ሰው ጡጦ መቀቀሉን፣ ልብስ ማስጣቱን፣ መዝገቡን ይያዝ። ቅር እንደሚላችሁ አውቃለሁ፤ ግን ልጁ የለመደው ሰው በየወሩ መጥፋት የለበትም።

ደግሞ ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣችው የ10 ዓመት ስትራቴጂ ልጆችን ከማሳደጊያ ወደ ቤተሰብ እያዛወረች ስለሆነ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ማሳደጊያው ፈቃድ እንዳለው ጠይቁ።