«ዝርዝሩ በሕግ ይወሰናል» ተብሎ የታለፈው ጉዳይ

ስለ ሕገ መንግሥታችን ሲወራ ክርክሩ ዞሮ ዞሮ የመገንጠል መብትን በሚደነግገው አንቀጽ 39 ላይ ነው የሚያርፈው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን አንቀጽ 49፣ ንዑስ አንቀጽ 5 ነው። ኅዳር 29 ቀን 1987 ሕገ መንግሥቱ ሲጸድቅ፣ የኦሮሚያ ክልል በአዲስ አበባ ያለው «ልዩ ጥቅም» እንደሚጠበቅለት ተጻፈ። የአገልግሎት አቅርቦት፣ የተፈጥሮ ሀብት አጠቃቀም፣ ሁለቱን የሚያስተሳስሩ አስተዳደራዊ ጉዳዮች ተጠቀሱ። ከዚያ «ዝርዝሩ በሕግ ይወሰናል» ተባለና ታለፈ።

ያ ሕግ ይኸው 30 ዓመት አልፎትም አልወጣም። በ2009 ረቂቅ አዋጅ ፓርላማ ደርሶ ነበር፤ ሳይጸድቅ ቀረ።

አንቀጽ 39ን የሚደግፈውም የሚቃወመውም አንድ ነገር አይክድም፤ አካሄዱ ተዘርዝሮ ተጽፏል። መገንጠል የጠየቀው ሕዝብ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይወስናል። የፌዴራል መንግሥቱ በሦስት ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያደራጃል። ለመለያየት ይህን ያህል ታሰበበት። አብሮ ለመኖር ግን ቀነ ገደብ እንኳ አልተቀመጠም።

ጉዳዩ የወረቀት ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ የምትጠጣውን ውኃ የሚይዙት የለገዳዲና የገፈርሳ ግድቦች ኦሮሚያ ውስጥ ናቸው። የአቃቂ ወንዝ የከተማውን ፍሳሽ ይዞ ቁልቁል ይወርዳል፤ በዚያው ውኃ ጎመን የሚያለማ ገበሬ አለ። ከተማዋ በሰፋች ቁጥር መሬቱን የሚለቅም አለ። በ2006 አዲስ አበባን ከዙሪያዋ የኦሮሚያ ከተሞች ጋር በሚያስተሳስረው ማስተር ፕላን የተነሳው ተቃውሞ በ2008 ሲያገረሽ የብዙ ሰው ሕይወት ጠፋ። ዕቅዱ የተሰረዘው ከዚያ በኋላ፣ ጥር 2008 ላይ ነው።

ሕጉ ቢወጣ ኖሮ ይህ ሁሉ አይደርስም ነበር አልልም። ገበሬው ግን ካሳ ሲጠይቅ የሚጠቅሰው አንቀጽ ይኖረው ነበር። የአዲስ አበባ ነዋሪም «ልዩ ጥቅም» የሚል ነገር በሰማ ቁጥር ቤቴን ሊወስዱብኝ ነው ብሎ ባልሰጋ።

ሕገ መንግሥቱን ባጸደቀው ጉባዔ ኢሕአዴግ አብላጫው ነበር፤ ዋና ዋናዎቹ ተቃዋሚዎች አልነበሩበትም። ስለዚህ ድምፅ አነሰን የሚል ምክንያት አይሠራም። ከባዱን ጥያቄ ለነገ ማሳደር ስለቀለለ ነው የታለፈው ብዬ አምናለሁ።

አሁን በአዋጅ ቁጥር 1265/2014 የተቋቋመ የምክክር ኮሚሽን አለን። ሕገ መንግሥት የማሻሻል ነገር ከመጣ፣ «በሕግ ይወሰናል» ለሚባለው ሁሉ ቀነ ገደብ ይቀመጥለት። ሕጉ በቀኑ ካልወጣ እስከዚያው በምን እንደሚሠራ እዚያው አንቀጽ ላይ ይጻፍ። አንቀጽ 49 ደግሞ የመጀመሪያው ይሁን።