ወለምታን ቶሎ አታሹት
ለሯጮች ምክር የሚሰጥ ጽሑፍ አንብቤ ነበር፤ ከሩጫ በፊት ስለማሟሟቅ የመከረው ጥሩ ነው፤ ወለምታን ግን በአንድ መስመር ማለፉ ቅር አሰኝቶኛል። እኛ ድሬዳዋ ላይ የደቻቱ ወንዝ ሲደርቅ አሸዋው ላይ ኳስ እንጫወታለን፤ አሸዋ እግር ይከዳል፣ ቁርጭምጭሚት ቶሎ ይጠመዘዛል። እኔም አምና ወለም ሲለኝ በዚያው ምሽት ታሸሁ፣ እብጠቱ ባሰብኝ። በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት መታሸቱም ሙቅ ውሃውም ይቅር። በረዶ በጨርቅ ጠቅልሎ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ መያዝ፣ ከጥቂት ሰዓት በኋላ መድገም፣ በፋሻ በጣም ሳያጠብቁ ማሰር፣ እግርን ትራስ ላይ ከፍ አድርጎ መተኛት ነው። አራት እርምጃ መራመድ ካቃታችሁ ወይም የቁርጭምጭሚቱ አጥንት ሲነካ ካመማችሁ ግን ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ ራጅ ተነሡ። ደግሞ ሙቀታችንን አትርሱ፤ የከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥርም ቢሆን ረፋድ ላይ አትሩጡ፣ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ውሃ ይዛችሁ ውጡ።