ቡፌ የገባው ዋይፋይ

ባለሙያው የዋይፋዩን ሳጥን ሳሎን፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ሰክቶ፣ አራት አንቴናዎቹን ቀጥ አድርጎ ሄደ። ሳምንት ሳይሞላ ከሥራ ስመለስ ሳጥኑ ከቦታው የለም። እናቴ ቡፌ ውስጥ አስገብታዋለች።

የእኛ ቡፌ ፊቱም ጀርባውም መስታወት ነው። ውስጡ በዕድሜ የሚበልጡኝ ብርጭቆዎች፣ የሚያብረቀርቅ የብረት ትሪ እና ለማንም ሻይ ቀድቶ የማያውቅ ፔርሙዝ እንግዳ ይጠብቃሉ። ሳጥኑ በእነዚህ መካከል፣ አንቴናዎቹ ታጥፈው፣ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። አረንጓዴ መብራቶቹ በዳንቴሉ ቀዳዳ ሲያጮልቁ፣ እውነት ለመናገር፣ ያምራሉ።

«እማዬ፣ ይህ ዕቃ እኮ መታፈን የለበትም።»

«አቧራ ይጠጣ ታዲያ? ስንት ብር የወጣበትን!»

መልክ የሚያሳይ መስታወት፣ እንደ ቡፌው ጀርባ ያለው፣ ከኋላው ስስ የብረት ቅብ እንዳለው፣ ብረት ደግሞ የዋይፋዩን ሞገድ እንደ ኳስ አንጥሮ እንደሚመልሰው አስረዳኋት። የቆመ አንቴና ይበልጡን ወደ ጎን ስለሚረጭ ከፍ ያለ ቦታ፣ በተለይ የቤቱ መካከል እንደሚሻል ነገርኳት። ሞገዱም ሁለት ዓይነት ነው፤ 2.4 ጊጋኸርዙ ቀርፋፋ ቢሆንም ግድግዳ ይሻገራል፤ 5 ጊጋኸርዙ ፈጣን ነው፤ ግድግዳ ሲያጋጥመው ግን ቶሎ ይደክማል አልኳት።

«የአባትህ ወገን ነዋ» አለች፤ «አጀማመሩ ጥሩ ነው።»

እስከዚያው ሁላችንም ቦታ ቦታችንን ይዘናል። እህቴ የቪዲዮ ስብሰባዋን የምትካፈለው ማቀዝቀዣው ላይ ተደግፋ ነው። ወንድሜ የመታጠቢያ ቤቱ ደፍ ላይ ተቀምጦ ፊልም ያያል፤ ሊታጠብ የሚፈልግ ሰው ፊልሙ እስኪያልቅ ይጠብቃል። እኔ አልጋዬ ላይ ቆሜ ስልኬን ወደ ኮርኒሱ ካነሳሁ ኢሜይል ይገባልኛል። ዋይፋዩ ሞልቶ የሚፈስሰው ሳሎን ነው፤ ሳሎን ደግሞ፣ እንደምታውቁት፣ የእንግዳ ነው። አይቀመጡበትም።

ከብዙ ድርድር በኋላ ሳጥኑ ከቡፌው ወጥቶ አናቱ ላይ እንዲቀመጥ ተፈቀደ። ዳንቴሉ ግን አልተነሳም። ክር ሞገድ እንደማያግድ አውቃለሁ፤ ሙቀቱ ነው የሚያሳስበኝ። ቢሆንም ዝም አልኩ፤ ሰው ሁሉንም በአንድ ቀን አያሸንፍም።

በማግስቱ የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ የጎረቤታችን ልጅ አስቆመኝ።

«ጋሼ፣ ከትናንት ጀምሮ ዋይፋያችሁ ፈጥኗል፤ ምን አደረጋችሁት?»

«የይለፍ ቃሉን ማን ሰጠህ?»

«እማማ ናቸው እንጂ! ለሦስተኛ ፎቆችም ሰጥተዋቸዋል።»