«እንደወጣች ናት እንዴ?»

ባለፈው ቅዳሜ ትራክ፣ ማለትም መኪና በፍጥነት የሚነዳበት ዝግ መሮጫ፣ ሄጄ ነበር። ከመኪናዬ ወርጄ ወገቤን ገና ሳላፍታታ አንድ ሰው መጣ። ሁለት እጁን ኪሱ ከቷል። መኪናዬን አንዴ ዞራት። ጎንበስ ብሎ ማርሚታዋን አየ። ቸርኬዋን አየ። ከዚያ ቀና አለና፣ የታመመ ሰው በሚጠየቅበት ድምፅ፣

«እንደወጣች ናት እንዴ?» አለኝ።

እንደምን አደርክ የለ። ስምህ ማን ነው የለ። እንደወጣች ናት እንዴ!

ለማያውቅ ላስረዳ። ስፖርት መኪና ያለው ሰው ሌላ ስፖርት መኪና ያለው ሰው ሲያገኝ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ነው። ከፋብሪካ እንደወጣች ናት ወይስ የሆነ ነገር አስገብተህላታል? «እንደወጣች ናት» ካልክ ራሱን ይነቀንቅልሃል። «አይዞህ፣ ቀስ በቀስ ነው» ይልሃል። አዲስ ሙሽሮችን ባየ ቁጥር «እስካሁን ምንም የለም እንዴ?» የሚል ዘመድ አለ አይደል? እሱ ነው፤ መኪና ገዝቶ የመጣ።

የእኔዋ ትንሽ ናት። ሁለት ወንበር፣ አራት ሲሊንደር፣ አንድ ቶን ገደማ። ቀጥታ መንገድ ላይ ማንንም አታስፈራም። ኩርባ ላይ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች።

መልሴን አልጠበቀም። የራሱን ይዘረዝርልኝ ገባ። ሞተሩን አየር የሚያጎርሰው ቱርቦ ተቀይሯል። የሞተሩ ኮምፒውተር እንደገና ተጽፏል። ማርሚታው ከአንገቱ እስከ ጭራው አዲስ ነው። ከኋላ ደግሞ ልብስ ማስጫ የሚያክል ክንፍ ተተክሏል። «አሁን አራት መቶ ፈረስ አልፌያለሁ» አለኝ። አልፌያለሁ! እሱ ራሱ የሚጋልብ ይመስል።

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላል ያገራችን ሰው። ይህን ተረት እወደዋለሁ። ምናልባት ከልክ በላይ እወደዋለሁ፤ ቤት ውስጥ «ደግሞ ጀመረ» እስኪባል። ፈረሱ ሥራውን ሠራ፣ በሩ ድረስ አመጣህ። ከዚያ በኋላ ያለው የአንተ ነው። አራት መቶ ፈረስ ኮፈን ስር ያጎረ ሰው ግን ውጊያውም አብሮ የተገዛለት ይመስለዋል።

ፈረስ ከተነሳ አይቀር፣ ይህ የፈረስ ጉልበት የሚባል ነገር ራሱ ከሻጭ አፍ ነው የወጣው። ጄምስ ዋት በ18ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ የእንፋሎት ሞተሩን ሲሸጥ፣ ገዢዎቹ የሚያውቁት ፈረስ ነበር። ስለዚህ ሞተሩ የስንት ፈረስ ሥራ እንደሚሠራ አሰላላቸው። በዛሬው መለኪያ የእሱ አንድ ፈረስ 746 ዋት ገደማ ነው። ዋት የሚባለውም የእሱው ስም ነው። ሰውዬው በሁለቱም በር ገብቷል። ቆይቶ በሜትር የሚለኩት አገሮች የራሳቸውን ፈረስ አወጡ፦ 75 ኪሎ በአንድ ሰከንድ አንድ ሜትር ከፍ የሚያደርግ። ይህኛው 735 ዋት ተኩል ገደማ ነው። ከሳ ያለ ፈረስ ነው። ፈረሱ ሲከሳ ደግሞ ቁጥሩ ይበዛል። ያው አንድ ሞተር በከሲታው ፈረስ ሲቆጠር ትንሽ ከፍ ብሎ ይወጣል። የትራኩ ሰውዬ አራት መቶውን በየትኛው እንደቆጠረ አልጠየቅኩትም። እገምታለሁ ግን።

ይህ ሳያንስ ስለ ኑርበርግሪንግ አነሳብኝ። ጀርመን ያለው የውድድር ትራክ፣ በ1927 የተከፈተው፣ አንዱ ዙር 20.8 ኪሎ ሜትር የሆነው፣ የመኪና ተወዳዳሪው ጃኪ ስቱዋርት «አረንጓዴው ሲኦል» ያለው። «የኔዋ እኮ እዚያ ከስምንት ደቂቃ በታች ዞራለች» አለኝ። የማን? የዞረችው የፋብሪካው መኪና ናት። የነዳት እንጀራው መንዳት የሆነ ሰው ነው። አንተ የዚያን ቀን የት ነበርክ? ይህንን በሆዴ ነው ያልኩት። በአፌ «ጎበዝ ናት» አልኩ።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ። መኪናዬ እንደወጣች አይደለችም። የፍሬን ሸራዋ ተቀይሯል። የፍሬን ዘይቷ ተቀይሯል። የፍሬን ቱቦዎቿ ጎማ መሆናቸው ቀርቶ በብረት ሽቦ የተጠለፉ ናቸው። ጎማዎቿም ለዚህ ሥራ የተመረጡ ናቸው። ደመወዜ ያለቀው እዚያ ነው። ችግሩ አንዱም አይታይም። የፍሬን ዘይት እንዴት ተደርጎ ለሰው ይታያል? ክዳኑን ከፍቼ «እስቲ ቀለሙን እይልኝ» ልበል?

ነገሩ ቀልድ አይደለም ግን። መኪና የሚቆመው ፍጥነቱን ወደ ሙቀት ቀይሮ ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በ200 የመጣ ሰው፣ በ100 ከመጣው በአራት እጥፍ የሚበልጥ እሳት ፍሬኑን ያጎርሰዋል። የፍሬን ዘይት ደግሞ አመለኛ ነው። ከአየር ላይ እርጥበት እየሳበ ይጠጣል። ዶት 4 የሚባለው የዘይት ደረጃ አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት። ውሃ 3.7 በመቶ ሲደርስበት ግን ደረጃው የሚጠይቀው 155 ብቻ ነው። ከፈላ አረፋ ያወጣል። አረፋ ይጨመቃል። ፍሬኑን ስትረግጠው እግርህ ወለሉ ድረስ ይወርዳል፤ መኪናዋ ግን ወሬውን አልሰማችም። ከፊትህ ኩርባ አለ። ይህ እያለ ሰው መጀመሪያ የሚገዛው ክንፍ ነው!

ጉልበት ደግሞ ብቻውን አይመጣም፣ ዘመዶቹን አስከትሎ ነው። ጉልበት ሲጨመር ፍሪሲዮኑ መንሸራተት ይጀምራል። ፍሪሲዮኑ ሲጠነክር ማርሽ ክፍሉ ይጨነቃል። ሞተሩ ስለሚግል ለዘይቱ ማቀዝቀዣ ይገባል። መኪናዋ እንዳትወዛወዝ ሞላው ይጠነክራል። ከዚያ የባለቤቱ ወገብ ይታመማል። ወገብ የሚቀይር ጋራዥ እስካሁን አላገኘሁም።

ሁለተኛው ዙር ላይ ከሰውዬው ኋላ ሆኜ ገባሁ። እንዲህ ያለ ቀን ውድድር አይደለም። ሰዓት የሚይዝልህ የለም፣ ዋንጫ የለም። መቅደም የሚፈቀደው ቀጥታው መንገድ ላይ ነው፣ እሱም የፊተኛው እለፍ ብሎ ምልክት ሲሰጥ። ጠዋት ሁላችንም ቁጭ ብለን ይህንን ተነግሮናል። እሱም ነበረ፤ አጠገቤ ሆኖ ስልኩን ያይ ነበር።

ኩርባ ሲደርስ ይቆማል ማለት ይቻላል። መሪውን ሦስት ጊዜ ያርመዋል። እኔ ከኋላው የክንፉን ብሎን እቆጥራለሁ። አራት አራት ነው፣ በሁለቱም በኩል። ቀጥታው ሲመጣ ደግሞ ያ ሁሉ ፈረስ ባንዴ ይለቀቅና ሽው! የለም። ቀጣዩ ኩርባ ላይ እንደገና ቆሞ ይጠብቀኛል። ስድስት ዙር እንዲህ ሆነ። ስፖኪዮ አለው። ሁለት ጎን፣ አንድ መሀል፣ ሦስት ስፖኪዮ አለው! አንዴ እጁን ቢያወጣ፣ ቀጥታው ላይ እግሩን ለሁለት ሰከንድ ቢያነሳ ምን ይጎድልበታል? ይህ አለመቻል አይደለም። አለመቻል አያናድደኝም፣ እኔም ብዙ ነገር አልችልም። ይህ «ይህቺ ትንሽዬ እኔን አታልፍም» ነው። እኔም ስድስት ዙር የከፈልኩት የሰው ክንፍ ለማየት አልነበረም።

ሲወጣ ፍሬኑ ይሸት ነበር። አንድ ዙር ቀስ ብሎ ማቀዝቀዝ ነበረበት፣ አላቀዘቀዘም። ቆመና የእጅ ፍሬኑን ሳበ። የጋለ ፍሬን ላይ የእጅ ፍሬን አይሳብም፤ ሸራው ዲስኩ ላይ አሻራውን ሊተው ይችላል። ልነግረው አሰብኩ። ተውኩት። ሰው ሲናደድ ክፉ ነው።

ከትራክ ስትወጣ የጎማ ብሎን ማየት ደግ ልማድ ነው። ሲላላ ጎማው ይሄዳል፣ ሲጠብቅ ብሎኑ ይበጠሳል። ለዚህ ቶርክ ቁልፍ የሚባል ነገር አለ። ልኩን ትሞላለታለህ፣ ሲደርስ «ቀጭ!» ይልሃል። እኔ አንድ ነበረኝ። ጥሩ ነበር። ከነሳጥኑ። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ወዳጄ «ለዛሬ ብቻ» ብሎ ወሰደው። ስጠይቀው መኪናው ውስጥ ነው አለ። መኪናውን ሸጠ። ስጠይቀው ቤት ነው አለ። ቤት ቀየረ። ባለፈው ወር አግኝቼው ገና አፌን ሳልከፍት «ያንተ ዕቃ እኔ ጋ አለ አይደል?» ብሎ ሳቀ። ሳቀ! ይኸው እስከ ዛሬ የሰው ቁልፍ እየለመንኩ ነው። የዚያን ቀንም ጠዋት ከአንዲት ሴት ለምኜ ነው ያጠበቅኩት፤ ከሰዓት በፊት ሄዳለች።

መሬት ተቀምጬ ብሎኖቼን በዓይኔ ብቻ እያየሁ ሳለ ጥላ መጣብኝ። ሰውዬው ነው። አሁን እጁን ከኪሱ አውጥቷል።

«ወንድሜ፣ ቶርክ ቁልፍ ይኖርሃል?»

«የለኝም» አልኩት።

መኪናዋን አየ። እኔን አየ። ያ የጠዋቱ ድምፅ ተመለሰ።

«እሱም የለም እንዴ?»